የልቤ በር ላይ የተንጠለጠለው ክር

የካቲት 24

ሺጆ መንደር ለቀብር መለከት ነፋን። ሟቿ የዘጠና ሁለት ዓመት አሮጊት፤ ልጆቿ ራሳቸው ምርኩዝ ይዘው ነው የሸኟት። ጥሩ ቀብር ነበር። አልዘነበም፣ ማንም አልተጣላም።

ከመኪናው ላይ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ። ቺንሹይ ብብቴ ሥር ገብቶ አወረደኝ። "ጋሼ፣ አረጁ እንዴ?" ይለኛል። አርባ ዘጠኝ ዓመት እርጅና ነው? እሱን መለከት አያያዝ ያስተማርኩት እኔ... አፉ ግን ከመለከቱ ቀድሞ ነው የተፈታው።

ስተኛ ላብ አጠመቀኝ። ባለቤቴ ሉዋን እያጉረመረመች ትራሱን ገለበጠችልኝ። እንዲህ ስሆን ሰነበትኩ። ጉንፋን ነው... ከባድ ጉንፋን።

የካቲት 26

ሉዋን ከማዙ መቅደስ የዕጣን አመድ አመጣች። በሞቀ ውኃ በጥብጣ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁት። መድኃኒት ቤት ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ካፕሱል ላከልኝ፤ "ከሌላ ሰው የተረፈ ነው፣ ግን ያው ነው" ብሎ። እሱንም ዋጥኩት።

እማማ ማዙ የባሕር እናት ናት። ማዕበል የያዘውን ዓሣ አጥማጅ ስታወጣ ነው የምትውለው። ለመለከት ነፊ ጉንፋን ጊዜ ይኖራት ይሆን?

የካቲት 28

ትኩሳቱ ጠፋ። አመዱ ነው ወይስ ካፕሱሉ? ሉዋን አመዱ ነው ባይ ናት። እኔ ክርክር የለኝም... ዓሣ በላሁ፣ ተኛሁ።

መጋቢት 5

ተመልሶ መጣ። ዛሬስ በሰው ፊት አዋረደኝ።

ረጅሙን ዜማ ይዤ ነበር። በአፍንጫ እየሳብኩ፣ በጉንጬ እያወጣሁ፣ ትንፋሽ ሳይቆረጥ የሚሄደውን። መሐሉ ላይ ተቆረጠ። ከልጅነቴ ጀምሮ ተቆርጦብኝ አያውቅም። ለቀስተኛው አልሰማም። ቺንሹይ ሰማ። ምንም አላለኝም፤ እሱ ዝም ሲል ነው የምፈራው።

ጥፍሬ ሥር ቀጫጭን ቀይ መስመሮች አሉ፣ ስንጥር የገባ ይመስል። ሉዋን "የቢንላንግ ፍሬህን ስታኝክ የነካካህ ነው፤ ምራቅህም ቀይ፣ ጥርስህም ቀይ፣ አሁን ደግሞ ጥፍርህ" አለችኝ። በሳሙና ታጠብኩ። አልለቀቀም።

መጋቢት 7

ሉዋን ሆስፒታል ወሰደችኝ። ወሰደችኝ ነው የምለው? ጎተተችኝ።

ዶክተር ሆ የምትባል ሴት ናት ያየችኝ። ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ቆየች። ጥፍሬን አየች። አፌን አስከፈተችኝና አንዲት የበሰበሰች መንጋጋ ጥርሴን አይታ፣

"ይቺ መድማት የጀመረችው መቼ ነው?"

"ያልደማችው መቼ ነው ብለው ቢጠይቁኝ ይቀለኛል።"

አልሳቀችም። ከጥርስ የተነሣ ጀርም በደም ሄዶ የልብ በር ላይ ሊቀመጥ ይችላል አለችኝ። ልብም በር አላት ለካ። ወታደር ቤት ሲመረምሩኝ "ልብህ ታፏጫለች" ብለውኝ ነበር። የነፊ ልብ ምን ታድርግ ብዬ ስቄ ትቼዋለሁ...

ከዚያ አልትራሳውንድ። ጨለም ያለች ክፍል። ባለሙያዋ ጉ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ። በግራ ጎኔ አስተኛችኝ፣ ቀዝቃዛ ቅባት ደረቴ ላይ አደረገች፣ መሣሪያዋን ጎድኖቼ መሐል ጫን አደረገችው። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ጉም መጣ። ጉሙ ውስጥ ሁለት ቅጠሎች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ... ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። የኔ ናቸው? ስንት ዓመት አብረን ኖርን፣ ዛሬ ነው የተዋወቅነው። እንቅልፍ ሊወስደኝ ደረሰ። እንዲህ ያለ ሰላም ተሰምቶኝ አያውቅም።

ድምፁን ከፈተችው። ቩሽ... ቩሽ... የባሕር ድምፅ ነው። መጨረሻው ላይ ግን የሚያመልጥ ነገር አለ። የመለከቴ የሸምበቆ ምላስ ስትሰነጠቅ እንደዚያ ታፏጫለች። ጆሮዬን ስጥል ድምፁን ቀነሰችው።

"ምን ሰማሽ?" አልኳት።

"ውጤት የምትነግርዎ ዶክተሯ ናት። ለእኔ አልተፈቀደም።"

ውጤቱ፦ ቀኝ ግራ ቢሉ የልቤ በር ትንሽ ደም ወደ ኋላ ከማፍሰሱ በቀር ሌላ ነገር አልታየም። ልነሣ ጫማዬን ስፈልግ ዶክተር ሆ አስቆመችኝ። "ደረትዎ ሰፊ ነው፣ በአየር የተሞላ ነው፤ በእሱ አሻግሮ ማየት ይከብዳል። አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም።" ደሜን ወስደው ጀርም እስኪበቅልበት ሊጠብቁ ነው። አልጋ ሰጡኝ።

መጋቢት 8

ጎረቤቴ አባባ ክዎ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ውኃ የሞላ እግር። ሥራዬን ጠየቁኝ። ለቀብርም ለበዓልም መለከት እነፋለሁ አልኳቸው። መጋረጃቸውን ሳብ አደረጉ።

"አንተ ጥሩምበኛ፣ እኔ ላይ እንዳትለማመድ።"

መጋቢት 10

ደሜ ላይ ምንም አልበቀለም። ተደሰትኩ። ዶክተር ሆ ግን ፊቷ ጠቆረ። እዚህ ከመምጣትዎ በፊት የወሰዱት መድኃኒት ነበር? አለችኝ። አፌን ከመክፈቴ ሉዋን ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ካፕሱሉን፣ አመዱን፣ የአጎቴን ልጅ፣ የአጎቴን ልጅ ሚስት ሳይቀር።

"አመዱ አልጎዳዎትም" አለች ዶክተሯ። ሉዋን ፊቷ በራ። "ካፕሱሉ ነው ጀርሙን ግማሽ ገድሎ የደበቀብን። አሁን ደሙ አይናገርም። የቀረን ዓይን አልትራሳውንዱ ብቻ ነው።" ስለዚህ መሣሪያውን በጉሮሮ አስገብተው ልብን ከኋላ ሊያዩት ነው። በጉሮሮ።

እምቢ አልኩ። እጄን ቁረጡ ቢሉኝ እሺ እል ይሆናል። ጉሮሮዬ ግን እንጀራዬ ነው።

ሉዋን አኩርፋ ወደ ቤት ሄደች። የሩዝ ሾርባውን ጥላልኝ ነው የሄደችው፤ ስታኮርፍም ታበላለች።

መጋቢት 11

ዶክተሯ ብቻዋን መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"መለከትዎ ድምፁ ሲበላሽ ምን ያደርጋሉ?"

"ምላሷን አወጣና በብርሃን አያታለሁ።"

"ከውጭ ሆነው አያውቁትም?"

"እጠረጥራለሁ እንጂ..." አልኩና ገባኝ። ይቺ ሴት ነገር ታውቃለች።

መጋቢት 12

አስገቡት። ጉሮሮዬን አደነዘዙ፣ "ይዋጡ፣ ይዋጡ" አሉኝ፣ እንደ ወፍራም ገመድ ዋጥኩት። እንባዬ ወረደ። ጉ እጄን ይዛ ነበር። ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ ስክሪኑን አየሁት፤ ጉሙ የለም። ቅጠሎቹ ፍንትው ብለዋል። አንደኛው ቅጠል ጫፍ ላይ ግን ክር ተንጠልጥሏል። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ይረዝማል። ቅጠሉ ሲከፈት ይወርዳል፣ ሲዘጋ ይወጣል፤ ያውለበልባል። ያምራል ብል ማን ያምነኛል? የዓሣ ኩሬያችን ሣር ውኃ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚደንሰው።

በኋላ ዶክተሯ ነገረችኝ። ክሩ ጀርም ነው፣ ደም ተጠምጥሞበት። ቢበጠስ ከደሙ ጋር ይሄዳል፤ ጭንቅላት ከደረሰ ስትሮክ ነው፤ አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል። ስድስት ሳምንት መድኃኒት በደም ሥሬ ሊገባ ነው። በየሳምንቱ በአልትራሳውንድ ያዩታል። ካላነሰ፣ ወይም በሩ ይበልጥ ካፈሰሰ፣ ቀዶ ጥገና።

"ከዚያ በኋላ እነፋለሁ?" አልኳት።

"መጀመሪያ ይኑሩልን" አለችኝ።

አፍ ይጣመማል... ያ ቃል ነው ከጆሮዬ አልወጣ ያለው።

መጋቢት 16

ህልም። ኩሬያችን ውስጥ ተኝቻለሁ፣ እተነፍሳለሁ። ከላዬ ዓሦቹ ይዞራሉ። አንዱ ክሩን በአፉ ይዟል፣ እኔ ደግሞ የክሩ ሌላ ጫፍ ነኝ። አንተ ልቀቀው እለዋለሁ... ዓሣ ይሰማል?

መጋቢት 19

ጉ ዛሬ ክሩን በጉሮሮ ሳትገባ ከደረቴ ጎን በኩል አገኘችው። የት እንደሚቀመጥ ካወቁ ወዲህ ደብዝዞም ቢሆን ይታያል። አላነሰም፣ አልጨመረም። ይህን ዶክተሯ ናት የነገረችኝ። ጉ ከስክሪኑ ዞር አትልም፤ ስትለካ ብቻ ትንፋሿን ትይዛለች። እኔም አብሬ እይዛለሁ።

መጋቢት 22

ቺንሹይ መጣ። የማዙ ጉዞ ሊጀመር ነው። እማማ ከመቅደሷ ወጥታ፣ ዙፋኗን በትከሻ ተሸክመው አገሩን ሲያዞሯት፣ ከፊት የሚነፋው የኛ ቡድን ነው። ከፊቱ ፊት ደግሞ እኔ ነኝ። ከአባቴ የወረስኩት ቦታ ነው።

"ማን ሊመራ ነው?" አልኩት። ጫማውን አየ።

"ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ። በሞተር ወስጄ በሞተር እመልስዎታለሁ። ክንድዎ ላይ ያለችውን መርፌ በእጅጌ እንሸፍናታለን።"

"አብደሃል።"

"እንግዲህ እኔ ልምራ?"

ኸረ ጉድ... የአባቴን ቦታ? እሺ አልኩት። ሉዋን አትስማ።

መጋቢት 24

ንጹሕ ሸሚዝ ትራሴ ሥር ደብቄያለሁ። አባባ ክዎ አይተዋል። "ማንን ልትቀብር ነው?" አሉኝ። ሸሚዙን ወደ ውስጥ ገፋሁት።

መጋቢት 26

ዛሬ ያየሁትን ልጻፈው፣ ነገ ህልም ነው ብዬ እንዳልክድ።

ጉ "ትንፋሽዎን ይያዙ" ስትለኝ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ልሞክረው አልኩ። ዝም ብዬ አልያዝኩም፤ ለመንፋት እንደምይዘው ያዝኩት። ሆዴን አጠበቅሁ፣ ጉንጬን ነፋሁ፣ ከንፈሬን ሰበሰብኩ። ቅጠሎቹ ተጨናነቁ፣ ክሩም ረጋ አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ለቀቅሁት።

ደሙ ጎርፎ መጣ። ክሩ እንደ አለንጋ ተወረወረ፤ ላይ ድረስ። አንዴ ሥሩ ቀጠነ... የሚቆረጥ መሰለኝ። ተመለሰ። እንደገና ተወረወረ።

የጉ እጅ ጉንጬ ላይ አረፈ። ቅባት የነካው እጅ፣ ቀዝቃዛ።

"አቶ ጻይ፣ አይንፉ" አለች።

ያልተፈቀደላትን ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ቀና ብዬ አላየኋትም። አንድ መነፋት ይህን ካደረገ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ሊያደርግ ነበር? መንገድ መሐል፣ እማማ ፊት፣ አፌ ተጣምሞ...

ሸሚዙን ለሉዋን ሰጠኋት። "ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?" አለች። የቆሸሸ ነው አልኳት። አሸተተችውና አፍጥጣ አየችኝ። ገባት። አልተቆጣችም፤ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ያኔ ነው በደንብ የፈራሁት።

ለቺንሹይ ደወልኩለት፦ አንተ ምራ።

ሚያዝያ 4

እማማ በሆስፒታሉ በኩል አለፈች። በአራተኛው ፎቅ መስኮት አየኋት፣ መድኃኒቴን የተሸከመውን ብረት ይዤ። አባባ ክዎም ወንበር አስጎትተው መጡ።

ርችቱ ከሩቅ ይሰማ ነበር፣ ከበሮው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መለከቱ። ቺንሹይ ነው። ሁለተኛዋ ዜማ ላይ ይቸኩላል፣ ሁልጊዜም ይቸኩላል... ግን አልተቆረጠበትም። እንደማይቆረጥበት አላውቅም ነበር። ቀናሁበት? ቀናሁበት። ኮራሁም።

ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ ዝም አሉ። ልማዱ ነው፤ መለከታችን ቀብርም ላይ ስለሚነፋ ሕመምተኛ ደጃፍ አይነፋም። ስንት ጊዜ በዚህ በር መለከቴን ዝቅ አድርጌ አልፌያለሁ፤ እዚህ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቺንሹይ ቀና ብሎ መስኮቶቹን አየ። አላገኘኝም።

ሰዉ አስፋልቱ ላይ በተርታ በሆዱ ተኛ፣ ዙፋኗ በላዩ አልፋ እንድትባርከው። አንዷ ሉዋን ናት። ሸሚዜን ጀርባዋ ላይ አንጥፋዋለች። የኔን ሸሚዝ። ዙፋኗ በላይዋ ስታልፍ አላየሁም፣ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ። አባባ ክዎ መሐረባቸውን ሰጡኝ። የተጠቀሙበት ነበር።

ሚያዝያ 7

ከትናንት ጀምሮ ግራ ጎኔን ይወጋኛል። ደረጃ መውጣት ይቅርና፣ አልጋ ላይ መገላበጥ ትንፋሼን ያሳጥረዋል።

ጉ መሣሪያዋን አሳረፈች። ፈለገች። ዞር አደረገችኝ፣ እንደገና ፈለገች። ክሩ የለም።

"ጠፋ" አልኩ። ሳቅኩ መሰለኝ። እሷ ድምፁን ቀነሰችና ወጣች፤ ኮቴዋ ተሰማኝ፣ ሮጣ ነው የሄደችው።

ያ ሁሉ ሰው ተሰበሰበ። እጅዎን ያንሡ፣ ፈገግ ይበሉ፣ ስምዎን ይናገሩ። ጭንቅላቴን ፎቶ አነሡ፣ ንጹሕ ነው። ሆዴን አነሡ። ጣፊያዬ ላይ ትንሽ ጥላ። እዚያ ነው የሄደው። ወደ ላይ መውጣት ሲችል ወደ ጎን ታጠፈ።

ሉዋን እማማ ናት ያጠፈችው አለች። ዶክተሯ አልተከራከረቻትም። ግን ክሩ ሲሄድ ቅጠሉን ቀዶት ሄዷል። በሩ አይዘጋም። እንደገና በጉሮሮ አይተው አረጋገጡ፤ አሁን ገመድ መዋጥ ለምጃለሁ። ይሰፉታል፤ መስፋት ካልተቻለ የብረት በር ይተካሉ። "ልነፋ እችላለሁ?" አላልኳትም። ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ።

ሚያዝያ 8

ሉዋን ቀዶ ጥገናው ይደረግ አይደረግ ብላ እማማን ልትጠይቅ መቅደስ ሄደች። ዕጣ የሚጣልባቸውን ሁለት የእንጨት ግማሽ ጨረቃዎች ጣለች። አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በሆዱ ቢወድቅ እሺ ነው። ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ። እንደገና ጣለች፣ ያው።

ተመልሳ ለዶክተሯ ነገረቻት። "ምን ማለት ነው?" አለች ዶክተር ሆ፣ የእውነት ልታውቅ።

"እማማ ሳቀች ማለት ነው። የሞኝ ጥያቄ ሲጠይቋት እንዲያ ታደርጋለች።" ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች።

ሚያዝያ 9

ሊወስዱኝ ነው። የመለከቴን ምላስ ለሉዋን ሰጠኋት፣ በመሐረብ ጠቅልዬ። እፈራለሁ። ሞቱን ብቻ አይደለም፤ ተነሥቼ ዝም ማለቱን።

አባባ ክዎ መጋረጃቸውን ከፈቱ። "አንተ ጥሩምበኛ" አሉኝ፣ "ሳትነፋልኝ እንዳትሞት።"

ሚያዝያ 17

አለሁ። የተጣፈ ቅጠል ነው፣ የራሴ። ብረት አላስፈለገም። ሳስል ደረቴ ለሁለት የሚከፈል ይመስለኛል... ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ሚያዝያ 25

ያችን መንጋጋዬን ነቀሏት። ዶክተር ሆ ቢንላንግ ካኘኩ ራሷ ቤቴ ድረስ መጥታ እንደምትወቅሰኝ ነገረችኝ። ሉዋን አድራሻችንን ሰጠቻት።

ሐምሌ 20

ቤት ከገባን ከረመ። ቺንሹይ ቡድኑን ይዟል፤ እኔ በመኪናው ፊት ተቀምጬ እሄዳለሁ፣ ሁለተኛዋ ዜማ ላይ ሲቸኩል አስላለሁ። ሳሉን ይሰማል፣ ቀስ ይላል። አባባ ክዎ ደውለው ነበር፤ የእግራቸው እብጠት ጎድሏል፣ እንድነፋላቸው አልቸኮሉም።

ዛሬ ቀጠሮ ነበረኝ። ያቺ ጨለም ያለች ክፍል። ግራ ጎን፣ ቀዝቃዛ ቅባት። ጉ መሣሪያዋን አሳረፈች። ቅጠሎቹ መጡ... አንደኛው ስፌቱ ጋ ትንሽ ወፈር ብሏል። ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ትንፋሿን ያዘች፣ ለካች። እኔም ያዝኩ።

ከዚያ እጇን ወደ ድምፁ ሰደደች። ትቀንሰዋለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከፍ አደረገችው። እስከ መጨረሻው።

ቩሽ... ቩሽ... ክፍሉን ሞላው። መጨረሻው ላይ ጠበቅሁ። የሚያመልጥ የለም። የሚያፏጭ የለም። እንደገና ጠበቅሁ። ጣቶቼ ሳላውቅ አልጋው ላይ የመለከቷን ቀዳዳዎች እየደፈኑ ነበር።

"ሰሙት?" አለችኝ።

"ሰማሁት።"

"እኔ ምንም አልነገርኩዎትም።"

ዶክተር ሆ ከነገ ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ሞክር አለችኝ። አንተ አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ማታ ሉዋን መሐረቡን ከሣጥኗ አወጣች። የመለከቴ ምላስ ደርቃ ነበር። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነከርኳትና መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት፣ ለነገ እንድትለሰልስ።